የማይከፈቱት ኮምፒውተሮች

መርሳ ላይ ስለ ኮምፒውተር የውስጥ ክፍሎች ለዓመታት ያስተማርኩት ያለ ኮምፒውተር ነው። ጠመኔ ይዤ ሰሌዳው ላይ ትልቅ ሳጥን እስላለሁ። ውስጡ ትንሽ ሳጥን እጨምርና «ይሄ ፕሮሰሰር ነው» እላለሁ። ከጎኑ ቀጫጭን መስመሮች ደርድሬ «እነዚህ ራም ናቸው» እላለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ ሌላ ሳጥን፣ «ይሄ ሀርድ ዲስክ።» የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎቼ ዝም ብለው ይገለብጣሉ። ለእነሱ ሁሉም ሳጥን ነው። እውነቱን ለመናገር፣ እዚያ ሰሌዳ ላይ ለእኔም ሁሉም ሳጥን ነበር።

«ፕሮሰሰር ምንድን ነው?» ብዬ ስጠይቅ ክፍሉ በአንድ ድምፅ «የኮምፒውተር አንጎል!» ይላል።

«አንጎል ምን ይሠራል?»

«ያስባል!»

«ኮምፒውተር ያስባል እንዴ?»

ከዚያ እኔ እጀምራለሁ። አያስብም፤ የተሰጠውን ትእዛዝ አንድ በአንድ እየወሰደ ያሰላል፣ ያወዳድራል፣ ውጤቱን መልሶ ይሰጣል፤ ልዩነቱ ዓይን እስኪርገበገብ ድረስ እልፍ አእላፍ ትእዛዝ መፈጸሙ ነው። እንዲህ እያልኩ ክፍለ ጊዜው ያልቃል። በማግስቱ ስጠይቅ እንደገና «አንጎል!» ይላሉ። አልፈርድባቸውም። መጽሐፉ የሚለው እሱን ነው፤ የሚነካ ነገር የለ።

ከሁሉ የሚያበግነኝ ግን ሳጥኑን በሙሉ «ሲፒዩ» ማለታቸው ነው። ተማሪ ብቻ አይደለም፣ መምህሩም፣ የቢሮ ሠራተኛውም፣ ከተማው ውስጥ ጽሕፈትና ኮፒ የሚሠሩትም ሁሉ ሳጥኑን ሲፒዩ ነው የሚሉት። ሲፒዩ ማለት ፕሮሰሰሩ ነው፤ በሁለት ጣት ተይዞ የሚነሣ ቀጭን ነገር። ቤቱን በሙሉ ምድጃ ብሎ እንደመጥራት ነው ስል «እሺ ቲቸር» ይሉኛል። ወዲያው አንዱ እጁን ያወጣና «ቲቸር፣ ሲፒዩው ውስጥ ሲፒዩ አለ ማለት ነው?» ይላል። ጠመኔውን አስቀምጬ መስኮት መስኮት አያለሁ።

በመጨረሻ ኮምፒውተሮች መጡልን። አንድ ለጋሽ ያገለገሉ ኮምፒውተሮችን ለትምህርት ቤቶች ሲያድል እኛም ደረሰን። በጭነት መኪና ተጭነው የገቡ ቀን ርዕሰ መምህራችን ከረቫት አሥሮ ነበር። እሱና እኔ በአንድ ጊዜ ነው የተቀጠርነው፤ ስለዚህ አንተና አንቺ እንባባላለን። የታሪክ መምህር የነበረ፣ ደግ፣ ግን ድግስ የሚወድ ሰው ነው። ሪባን ተቆረጠ። ንግግር ተደረገ። ከንግግሩ ውስጥ «ዘመኑ የዲጂታል ዘመን ነው» የሚለው ስንት ጊዜ እንደተደጋገመ አላስታውስም። ፎቶ ተነሣን። እንግዶቹ ማንጎና ለስላሳ ቀምሰው ሄዱ።

እነሱ ሲሄዱ እኔ ወደ ክፍሉ ገባሁና አንዱን ሰክቼ ቁልፉን ተጫንኩ። የማሳያው ትንሽ መብራት በራ፤ ፊቱ ግን ጥቁር ነው። ሳጥኑ ጢጥ አለ። ትንሽ ቆየና ደግሞ ጢጥ። ማቆሚያ የለውም። ሌላውን ሰካሁ፤ ፋኑ ዞሮ ዞሮ ቆመ። ሦስተኛው ከነጭራሹ ዝም። እስከ መጨረሻው ሞከርኳቸው፤ አንድም የተነሣ የለም።

ርዕሰ መምህሩ ጩኸቱን ሰምቶ መጣ። ከረቫቱን ገና አልፈታም።

«ቫይረስ መሆን አለበት» አለ።

«ቫይረሱ የሚቀመጥበት ሀርድ ዲስክ መኖሩንም ገና አላወቅን» አልኩት።

«ታዲያ ምን ሆኖ ነው የሚጮኸው?»

«ራም የለውም፤ ወይ ደግሞ አልያዘም። ማዘርቦርዱ ሲነሣ መጀመሪያ ክፍሎቹን አሉ ወይ ብሎ ይጠራቸዋል። ራሙን ሲያጣው ማሳያው ላይ መናገር ስለማይችል ይጮሃል።»

በአድናቆት ራሱን ነቀነቀ። «ጥሩ ነው። እንግዲህ ባለሙያ ይጠራ።»

ባለሙያዋ እኮ እኔ ነኝ! ይህን ልለው ስል ስልኩ ጠራና እያወራ ወጣ።

በማግስቱ ካቻቢቴ ይዤ መጣሁ። ክፍሉ ግን ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው የንብረት ክፍል ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ለጡረታ የተቃረቡ፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ፣ ሶላታቸው የማያልፋቸው አዛውንት። መላው መምህር «ጋሼ» ነው የሚላቸው። አብረውኝ መጥተው ከፈቱልኝ። ያን ጊዜ ነው ያየሁት፤ በየሳጥኑ ጎን፣ ክዳኑ የሚጋጠምበት መስመር ላይ፣ የንብረት ቁጥር ያለበት ወረቀት ተለጥፏል። ክዳኑ ከተከፈተ ወረቀቱ ይቀደዳል።

«ጋሼ፣ ይሄን ወረቀት ትንሽ ወደዚህ ፈቀቅ ብናደርገው?»

«ለምን ሲባል?»

«ክዳኑን ከፍቼ ውስጡን ልየው።»

መነጽራቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ። «ልጄ፣ ከፍተሽ ከምታዪው ውስጥ አንዱ ነገር ቢጎድል ማነው የሚጠየቀው?»

«አሁንም እኮ ጎድሏል! ጎድሎ ስለመጣ ነው የማይሠራው።»

«ሙሉ ነው ብዬ ነው ፈርሜ የተረከብኩት።»

«ውስጡን ሳያዩት?»

«ከውጭ ሙሉ ነበር» አሉ፤ ምንም ሳያፍሩ።

ካቻቢቴውን ቦርሳዬ ውስጥ ወርውሬ ወጣሁ። ያን ቀን ክፍል ገብቼ ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሳልኩ። ከግድግዳው ማዶ እውነተኞቹ ተደርድረው ተቀምጠዋል።

ጉዳዩ ወደ ኮሚቴ ሄደ። ኮሚቴው ለመሰብሰብ ሰው ጎደለው፤ ሰው ሲሞላ ሰብሳቢው ሥልጠና ሄደ፤ ከሥልጠና ሲመለስ ደግሞ የፈተና ሰሞን ሆነ። ተማሪዎቹ በመስኮቱ አጮልቀው ያዩና «ቲቸር፣ መቼ ነው የምንገባው?» ይሉኛል። «ቅርብ ነው» እላለሁ። ውሸት እንዳይሆንብኝ «ቅርብ ነው ብለውኛል» ወደማለት ዞርኩ። ኮሚቴው ሲሰበሰብ የወሰነው፣ አንዱ ኮምፒውተር ለናሙና ወልድያ ተወስዶ እንዲመረመር ነው። ቤቴ ወልድያ ስለሆነና በየቀኑ ስለምመላለስ፣ ይዤው እንድሄድ ተባለ። ስለ መኪና ኪራይ ማንም አላነሣም።

ረዳቱ ሳጥኑን ተቀብሎ ወደ ሚኒባሱ ጣሪያ ሊያወጣው ሲል እጁን ያዝኩት።

«ላይ ሆኖ ሲዘል ፕሮሰሰሩ ላይ የተቀመጠው ብረትና ፋን ሊነቀል ይችላል» አልኩ።

«እቃ ጣሪያ ነው እህቴ፤ ሁሉም እንደዛ ነው።»

«ይሄ እንደሁሉም አይደለም።»

ተጨቃጨቅንና ጭኔ ላይ አቅፌው ተቀመጥኩ። ጥግ ጥጉ ስለታም ነው፤ ሙቀቱ ደግሞ የመርሳ ሙቀት ነው። አጠገቤ ግራና ከምትባለው ከተማ የመጡ አንድ አባት ተቀምጠዋል፤ ራሳቸው ላይ ሽርጥ ጣል አድርገው፣ እግራቸው ሥር ብርቱካን የሞላ ማዳበሪያ ይዘዋል። ትንሽ አዩኝና፣

«ልጄ፣ ምንድን ነው ያቀፍሽው?» አሉ።

«ኮምፒውተር ነው፣ አባባ።»

«መስታወቱስ?»

«መስታወቱ ማሳያ ብቻ ነው። ሥራውን የሚሠራው ይሄኛው ነው።»

«አሞት ነው?»

«የሚያስታውስበት ክፍል የለውም መሰለኝ።»

ሳቁ። «ወላሂ፣ እንደኔ ነዋ! እኔም ምን ፈልጌ ከቤት እንደወጣሁ መንገድ ላይ ነው የሚጠፋኝ።»

እኔም ሳልወድ ሳቅኩ። ከዚያ እሳቸው ተጨነቁበት፤ እንዴት ነው የሚያስታውሰው አሉኝ። ድካም ይሁን ብስጭት አላውቅም፣ ከመጽሐፉ ውጪ ማውራት ጀመርኩ።

«ሁለት ዓይነት ነው፣ አባባ። ገበያ ሲወጡ ብርቱካኑን ፊትዎ ዘርግተው ይሸጡ የለ? የተዘረጋው ለእጅዎ ቅርብ ነው፤ ቶሎ ያነሡታል፣ ቶሎ ይመዝኑታል። ገበያው ሲበተን ግን ይነሣል፤ ምንም አይቀርም። ራም የሚባለው እሱ ነው፤ አሁን የሚሠራበትን ብቻ ነው የሚዘረጋው። መብራት ሲጠፋ ባዶ ነው። ቤት ያለው ጎተራ ደግሞ አለ፤ ራቅ ይላል፣ ለማውጣት ጊዜ ይወስዳል፣ ግን ገበያ ተበተነ አልተበተነ አለ። እሱ ሀርድ ዲስክ ነው።»

«ሥራውንስ ማን ይሠራዋል?»

«መካከል ላይ ተቀምጦ የሚመዝነው አለ። ፕሮሰሰር ይባላል። ከተዘረጋው እያነሣ ይሠራል፣ መልሶ ያስቀምጣል።»

«ገበያው የቆመበት መሬትስ?»

«ማዘርቦርድ! ሁሉም ክፍል እሱ ላይ ነው የሚተከለው፤ ከአንዱ ወደ አንዱ የሚኬድበት መንገድም እሱ ላይ ነው።»

አባት አገጫቸውን ያዙና አሰቡ። «አሁን ያልሽው ገባኝ። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር ገበያው የሚበተን ከሆነ፣ በኛ አገር መቼ ሊሸጥ ነው?»

ሚኒባሱ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ። ረዳቱ እንኳ በሩን ይዞ ሳቀ። እኔ ግን ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት ሰሌዳ ላይ ስስል ያላገኘሁትን ነገር ገና ሲሪንቃ ከተማ ሳንደርስ ለአንድ ብርቱካን ሻጭ አስረዳሁ። ተማሪዎቼ አልሰሙትም። ይህም ራሱ አናደደኝ።

ወልድያ ያለው ጠጋኝ ዋናው መንገድ ዳር ጠባብ ሱቅ ያለው፣ ቶሎ ቶሎ የሚያወራ ሰው ነው። የኮሚቴውን ደብዳቤ ሳያይ ወረቀቱን ቀደደና ክዳኑን ወደኋላ ስቦ አወለቀው። አቧራው እንደ ጥጥ ተነሣ። ሁለታችንም አሳለን።

«ራም የለውም» አለ ባዶውን ማስገቢያ በጣቱ እየነካ። «ሀርድ ዲስክም የለውም። ቀን የምትይዘው ባትሪም ሞታለች። ሌላው ደኅና ነው።»

«ያልኩት እሱን ነበር!»

«ታዲያ ካወቅሽው ለምን መጣሽ?»

ደብዳቤውን አሳየሁት። የሰው ምስጢር ስላለበት ለጋሾች ብዙ ጊዜ ሀርድ ዲስኩን እያወጡ እንደሚልኩ ነገረኝ። አንዳንዱ ሳጥን ውስጥ ግን ተረስቶ የቀረ ራምም ዲስክም አይጠፋም አለ። «ብዙ ናቸው አላልሽም? ክፈቷቸውና ከሁሉም አዋጥታችሁ ጥቂቱን አንሡ።»

«መክፈት አልተፈቀደም።»

እጁን ከሳጥኑ ላይ አነሣና አየኝ። «ሊታዩ ነው የመጡት?» አለ።

ሳጥኑን መልሼ ይህን ለርዕሰ መምህሩ ሳስረዳው በጣም ተደሰተ። «እንግዲያው የጎደለውን እንግዛ!» አለ። መግዛት ማለት ደግሞ ከሦስት ሱቅ ፕሮፎርማ ማሰባሰብ ማለት ነው። ሦስቱን ሱቅ በእግሬ ዞርኩ። አንዱ «ራም» ብሎ ብቻ ጽፎ ሰጠኝ፤ የራሙን ዓይነት አልጠቀሰም። ዓይነቱ ካልተጠቀሰ ማስገቢያው ላይ አይገጥምም ብዬ መለስኩት። ሁለተኛው ዓይነቱን ጠቀሰ፤ ማኅተም ረሳ። ሦስተኛው ማኅተም መታ፤ ቀኑን ረሳ። ሁሉም ሲሟላ የመጀመሪያው ጊዜው አለፈበት። እሱ ሲታደስ ሰኔ ገባና በጀት ተዘጋ።

ክረምቱን ኮምፒውተሮቹ ተቆልፈው ከረሙ።

መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር አዲስ ተማሪዎች ተቀበልኩ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ስደርስ ጠመኔውን አነሣሁና እጄ እምቢ አለኝ። ሳጥኑን መሳል አቃተኝ። ተማሪዎቹን በየወንበራቸው ትቼ ቀጥ ብዬ ንብረት ክፍል ሄድኩ። ጋሼ መዝገባቸው ላይ አጎንብሰዋል።

«ጋሼ፣ እኔ በቃኝ!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ለማን ነው የምንጠብቃቸው? ሌባ እንኳ ቢወስዳቸው ይሻል ነበር፤ ቢያንስ አንድ ሰው ይጠቀምባቸው ነበር!»

ሳይቆጡ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በእጃቸው ወንበር አሳዩኝ። ተቀመጥኩ።

«ከጦርነቱ በኋላ አንቺ እዚህ ነበርሽ?» አሉ።

«ወልድያ ነበርኩ። ዘግይቼ ነው የተመለስኩት።»

«እኔ ቀድሜ ነው የመጣሁት። የዚህ ክፍል በር ወድቆ አገኘሁት። ወንበር የለ፣ ጠረጴዛ የለ፣ የቤተ ሙከራ እቃ የለ። መሬቱ ላይ ወረቀት ብቻ። አልሀምዱሊላህ፣ ነፍሳችን ተረፈች ብዬ ተቀመጥኩ። ከዚያ ጠያቂ መጣ። ይሄ የት አለ? ያኛው የት አለ? ፈርመሃል፤ አምጣ! ማን ወሰደው ይሉኛል። ልጄ፣ የወሰደውን ሰው ቆሜ ስምህ ማነው ብዬ ብጠይቀው ኖሮ እኔ ዛሬ እዚህ አልገኝም።» መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት። «ስመላለስ ስመላለስ ነው ነጻ የወጣሁት። አሁን ደግሞ ጡረታዬ ደርሷል። ሌላ የጎደለ ነገር ተሸክሜ መውጣት አልፈልግም።»

ያን ሁሉ ጊዜ እልኸኛ ሽማግሌ ናቸው ብዬ ሳማቸው ነበር። ብስጭቴ ግን አልለቀቀኝም፤ አቅጣጫውን ብቻ ቀየረ። ሰውየውን እንዲህ ያደረገውን ነገር የምሰድብበት አድራሻ አልነበረኝም።

«ጋሼ» አልኩ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «እቃው ከክፍሉ አይወጣም። እርስዎ ራስዎ ፊት ለፊት ይቀመጡ። ተማሪው እያየ ልክፈተው። መጽሐፉ የውስጥ ክፍሎችን አስተምሪ ይለኛል። ይሄ ንብረት ማዛወር አይደለም፣ ትምህርት ነው።»

«ከአንዱ የወጣው ሌላው ውስጥ ቢገባስ?»

«የትኛው የት እንደገባ እርስዎ ይይዙታል።»

መዝገባቸውን ዘግተው ቁልፋቸውን አንሥተው ቆሙ። «ለርዕሰ መምህሩ ንገሪ።»

ነገርኩት። ወደ ጣሪያው አየና «እኔ አልሰማሁም» አለ። ይህ ማለት መፍቀድ ነው ወይስ መከልከል ብዬ ላፋጥጠው ፈልጌ ነበር፤ ግን ሐሳቡን እንዳይቀይር ፈርቼ ወጣሁ።

ተማሪዎቹ ጠረጴዛውን ከበቡ። ጋሼ ፊት ተቀምጠዋል። መጀመሪያ ገመዱ መነቀሉን አሳየኋቸው፤ ቀጥሎ ብሎኖቹን ፈታሁ። ወረቀቱ ሲቀደድ ጋሼ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ክዳኑ ሲነሣ ግን ከሁሉም ቀድመው አንገታቸውን ያሰገጉት እሳቸው ናቸው።

አረንጓዴውን ሰሌዳ አሳየሁ፤ ማዘርቦርድ። ኋላ ጥግ ያለውን የብረት ሳጥን አሳየሁ፤ ፓወር ሰፕላይ፤ ከግድግዳ የመጣውን ኃይል ቀንሶ ለየክፍሉ በልኩ የሚያድለው። «ይሄን ማንም እንዳይከፍት፤ ከተነቀለም በኋላ ኮረንቲ ይዞ ይቆያል» አልኩ። ፋኑንና ብረቱን አንሥቼ ሥሩ ያለችውን ሳወጣ ሁሉም ተጠጉ።

«ቲቸር፣ ይቺው ናት?» አለች አንዷ። ፊቷ ላይ ቅሬታ ይነበባል።

«ይቺው ናት። ሲፒዩ የምትሉት ይቺ ናት፤ ሳጥኑ አይደለም!»

ጋሼ እጃቸውን ዘረጉ። መዳፋቸው ላይ አስቀመጥኩላቸው። ወደ መስኮቱ አዙረው አዩዋት። «ይህ ሁሉ ጣጣ ለዚህች?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ነው። ሳጥኑን ሁሉ ከፈትን። ጠጋኙ እንዳለው አንዳንዱ ውስጥ ራም ተረስቷል፤ ሀርድ ዲስክ የያዙም ጥቂት ተገኙ። አንዱ ፓወር ሰፕላይ ላይ ተርብ በጭቃ ቤት ሠርታለች። አንዱ ራም ከሌላው አይገጥምም፤ ጫፉ ላይ ያለችው ቁርጥ ቦታዋ ይለያያል። ኃይለኛ የሆነ አንድ ተማሪ በጉልበት ሊያስገባ ሲጫን ጮህኩ፤ ደንግጦ ለቀቀው። «ካልገባ ቦታው አይደለም ማለት ነው፤ አታስገድደው!» አልኩ። የተገኘውን ራም በላጲስ ፈተግን፤ መዳብ መሳይ ጥርሶቹ ላይ የተቀመጠው እድፍ ለቀቀ። ጋሼ ከወዲያ ሆነው «አሁን የወጣው ከየትኛው ነው? የገባውስ?» እያሉ ይጽፋሉ።

አንዱን ሞልተን ገመዱን ሰካን። ቁልፉን ልጫን እጄን ስዘረጋ መብራት ጠፋ።

ማንም አልሳቀም። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጥኩና ፊቴን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«አብሽሪ» አሉ ጋሼ። «ይመጣል።»

በዚያ ቀን አልመጣም። በማግስቱ ሲመጣ የተጫንኩት ኮምፒውተር አንድ ጊዜ ብቻ፣ አጭር፣ ጢጥ አለና ማሳያው ላይ ጽሑፍ አወጣ። ተማሪዎቹ አጨበጨቡ። ከወልድያ በፍላሽ ይዤ የመጣሁትን ኦፐሬቲንግ ሲስተም መጫን ጀመርኩ፤ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ሲመጣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ደግሞ ሄደ። የሳምንቱ መጨረሻ ላይ ሦስት ኮምፒውተሮች በእግራቸው ቆሙ። ሦስቱም ባትሪያቸው ስለሞተ በጠፉ ቁጥር ቀኑን ይረሳሉ፤ ተማሪዎቹ ገና ያልተወለዱበትን ዓመት ያሳያሉ። ግድ የለኝም። ቀን እኔ ራሴ እነግራቸዋለሁ።

ሰኞ ጠዋት ከወልድያ ደርሼ ክፍሉን ሳየው ሁለት ናቸው።

ሦስተኛው ርዕሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ አገኘሁት። አንዲት የቢሮ ሠራተኛ እየጻፈችበት ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«የቢሮው ተበላሽቶ ነው» አለ። «የአምናውን የውጤት ካርድ መሥራት አለብን፤ ወላጅ እየጠየቀ ነው። ለጊዜው ነው።»

«ለጊዜው ማለት እስከ መቼ?»

«አንቺ ደግሞ! ሁለት አለሽ አይደል?»

«ለአንድ ክፍል ሙሉ ተማሪ ሁለት! ክዳኑ ይከፈት ስልህ አልሰማሁም ያልከው አንተ፣ ሲሠራ ግን ሰማህ?»

ሠራተኛዋ መጻፏን አቆመች። ርዕሰ መምህሩ ቀላ። ልክ ያኔ ጋሼ መዝገባቸውን ብብታቸው ሥር ይዘው ገቡ። እንዴት እንደሰሙ አላውቅም።

«መምህር፣ ይፈርሙልኝ» አሉ በትሕትና።

«ምኑን፣ ጋሼ?»

«የወሰዱትን። ሳጥኑ የአንዱ ቁጥር ነው፤ ራሙ ከሁለተኛው የወጣ ነው፤ ዲስኩ የሦስተኛው ነው። ስለዚህ የሦስት ኮምፒውተር ፊርማ ነው። ሁለቱ ባዶ መሆናቸውን አውቀው ተረክበዋል ማለት ነው።»

ርዕሰ መምህሩ ብዕሩን አንሥቶ ነበር። አየው፤ መልሶ አስቀመጠው። በመጨረሻ ካርዱ እስኪያልቅ ድረስ እዚያው እንዲሠራበት፣ ጋሼ በየምሽቱ እየመጡ እንዲያዩት ተስማማን። ካርዱ ሲያልቅ ርዕሰ መምህሩ ራሱ አቅፎ መልሶ አመጣው። በሩ ላይ ቆሞ «ይከብዳል እኮ» አለኝ። «አዎ፣ ይከብዳል» አልኩት።

ጋሼ ጡረታ ወጡ። በርክክቡ ቀን ከፈታናቸው ክፍሎች አንድም አልጎደለባቸውም።

የዓመቱን ፈተና በወረቀት አልሰጠሁም። የተከፈተ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ተማሪዎቹን ተራ በተራ ጠራሁ። እያንዳንዱ በጣቱ እየነካ ምን እንደሆነና ምን እንደሚሠራ ይነግረኛል። አንዳንዱ ተርበተበተ፤ አንዳንዱ ከእኔ በላይ አወራ። ራሙን ነክታ «ይሄ አሁን የምሠራበት ነው፤ መብራት ሲጠፋ ሁሉንም የሚጥለው እሱ ነው» ያለችኝ ልጅ ነበረች። አንድ ሁልጊዜ ኋላ የሚቀመጥ ልጅ ደግሞ ስለ ፓወር ሰፕላዩ ስጠይቀው ብዙ አሰበና «ቲቸር፣ ይሄ ራሱ ምንም አያውቅም፤ ግን ካልሠራ ሌሎቹም አያውቁም» አለኝ። ሙሉ ነጥብ ሰጠሁት። «አንጎል» ያለ አንድም አልነበረም።

ተማሪውን አንድ በአንድ ማስተናገድ ጊዜ ይወስዳል። የሌሎቹ መምህራን ውጤት ገብቶ አልቆ የእኔ ብቻ ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ሁለት ጊዜ አስታወሰኝ፤ በሦስተኛው በደብዳቤ መጣ። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ውጤት በወቅቱ ባለማስረከቤ። ግልባጩ ላይ ፈረምኩ፣ ደብዳቤውን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ወደ መናኸሪያ ሄድኩ።

የወልድያው ሚኒባስ ሞልቶ እየወጣ ነበር። ረዳቱ በእጁ ቀጣዩን ጠብቂ አለኝ። ቀጣዩ ገና አንድም ሰው አልያዘም። ገብቼ በመስኮቱ በኩል ተቀመጥኩ፤ የቀሩኝን ተማሪዎች ውጤት አውጥቼ መደመር ጀመርኩ።